የአንድ ፊደል ሥራ

ጥቅምት 6

ይድረስ ለበርሜል ቤቷ እትዬ፣

ለወንድሜ የጻፉት ደብዳቤ ትናንት ደርሷል። ፖስተኛው ታች ካለው ሣጥን ውስጥ ጥሎት ሄደ፤ ያወጣሁትም የከፈትኩትም እኔ ነኝ። የሰው ደብዳቤ አይከፈትም፤ አውቃለሁ። እኔ ታናሽ ወንድሙ ነኝ፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ። በትምህርት ቤት ያስተማሩን የሰላምታ አንቀጽ በጣም ረዥም ስለሆነ ግማሹን ትቼዋለሁ፤ እንዳጠፋሁ አይቁጠሩብኝ።

ስለ ቤተሰቡ ጤንነት ጠይቀዋል። እናቴ ደህና ናት፤ መነጽር ቤት ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። አባቴም ተመልሷል። እሱ የሕንፃ አሳንሰር ጠጋኝ ነው።

ወንድሜ አርፏል። ስለዚህ ለጥያቄዎችዎ የምመልሰው እኔ ነኝ።

አናናሱ በሩም አረቄ የተዘፈዘፈበት የመስታወት ማሰሮ በእኛ ክፍል፣ ከልብስ ቁም ሣጥኑ በላይ ነው። ፀሐይ አያገኘውም። ክዳኑ ጥብቅ ነው። ሩሙ ፍሬውን ሸፍኖታል፤ ከላይ ሁለት ጣት ያህል ይተርፋል። የብርቱካኑን ልጣጭ ወንድሜ ራሱ ገና በመጀመሪያው ሳምንት አውጥቶታል፤ ሲያወጣ አይቻለሁ። ነጩን ክፍል ልጣጩ ላይ አልተወም። የአናናሱ ቀለም ከቢጫ ወደ ቡናማ ሄዷል፤ የሩሙ ደግሞ ከቡናማ ወደ ቢጫ መጣ፤ ተለዋውጠዋል።

ስልክ ልደውልልዎ ፈልጌ ነበር። ወንድሜ ግን «እትዬ ስልክ አታነሳም፤ በርሜል ቤት ውስጥ ስልክ ክልክል ነው፣ ከበርሜል ቤት ውጪ ደግሞ እሷ አትገኝም» ይል ነበር።

ታናሽ ወንድሙ


ጥቅምት 15

ለታናሹ፣

እሰይ! እንኳን አረፈ። ከዚህ ሲለቅ «እትዬ፣ ቤቴ ሄጄ ትንሽ ልረፍ» ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን አላመንኩትም። ይህ ልጅ መቼ ማረፍ ያውቃል? እሑድ እንኳ በርሜል ሲያንኳኳ ነው የማገኘው። ይረፍ፤ አትቀስቅሰው። እኔ ካንተ ጋር እጻጻፋለሁ። ጽሕፈትህም ከእሱ ይሻላል፤ የእሱ ፊደል ሁሉ ነፋስ የገፋው ይመስላል።

እኛ እዚህ አፍንጫ ነው የምንለው፤ ነግሮሃል? አፍንጫው ትልቅ ስለሆነ አይደለም፣ ትልቅ መሆኑ ባይካድም። በር ላይ ቆሞ የትኛው በርሜል እንደሚያፈስ በማሽተት ብቻ ይነግረኛል።

ማሰሮው ምን እንደሆነ ካልነገረህ እኔ ልንገርህ። ፈተናው ነው። እኛ ጋ ተለማማጅ በወረቀት አይፈተንም። ስምንት ዓመት በርሜል ውስጥ ከቆየው ሩም እሰጠዋለሁ፤ ቤቱ ወስዶ በመረጠው ፍሬ ይዘፈዝፈዋል፣ ያጠልለዋል፣ ያሳርፈዋል፣ ይልክልኛል። እኔ እቀምሳለሁ። ካለፈ ስሙ በጋለ ብረት በበርሜል ግንባር ላይ ይተኮሳል፤ ያ በርሜል የእሱ ነው፣ እሱም ቀማሚ ነው። ከወደቀ ባልዲና ብሩሽ እንደ ያዘ ይቀጥላል። አፍንጫ አናናስ መረጠ። «አናናስ ችኩል ፍሬ ነው፤ ቶሎ ይሰጣል፣ ቶሎ ያመርራል» ስለው «እንግዲያው እኔና አናናሱ እንተዋወቃለን» አለኝ።

በርሜል ሲተኛ በግንባሩ ላይ በጠመኔ «አርፏል» ብለን እንጽፋለን፤ ማንም እንዳይነካው። ጊዜው ደርሶ ስቀምሰው ከጣመኝ «ር»ን በአውራ ጣቴ አጠፋና በቦታዋ «ል» እጽፋለሁ። አልፏል። ሌላው ፊደል አይነካም። ወንድምህ «እትዬ ደመወዝ የሚከፈላት ለአንድ ፊደል ነው» እያለ ያሾፍብኛል።

አሁን ወደ ሥራ። የጠየቅሁትን ሁሉ መልሰህ አንዱን ብቻ ዘለልከው። አናናሱ ወጥቷል ወይስ አልወጣም? ሁለት ሳምንት ይበቃው ነበር።

እትዬ


ጥቅምት 23

ይድረስ ለእትዬ፣

አልቀሰቀስኩትም።

አናናሱ አልወጣም።

ስለ ራስዎ ምንም አልጻፉም። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ወንድሜ «እትዬ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ ከበርሜል በላይ ይጮኻል» ይል ስለነበር ነው የጠየቅሁት።

ማሰሮው አንድ አደጋ ላይ ነው። የአባቴ እህት ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ቤቱን ታጸዳለች። እኛ መጥረጊያ ነው የምንላት፤ እሷም ታውቃለች። እናቴ የአናናስ ሽታ መስማት እንደማትፈልግ ከነገረቻት ወዲህ ዓይኗን ከቁም ሣጥኑ ላይ አላነሳችም። ባለፈው ወንበር ላይ ወጥታ ክዳኑን ስትታገል ደረስኩባት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የወንድሜ ፈተና ነው።»

«ፈተና በማሰሮ? የበሰበሰ ፍራፍሬ ነው እንጂ!»

«አልበሰበሰም፤ ሰክሮ ነው» አልኳት።

ወረደች። ግን ወንበሩን ወደ ቦታው አልመለሰችውም፤ ይህ ማለት ትመጣለች ማለት ነው።

ሦስት ነገር ልጠይቅዎ። የሚፈትኑት እርስዎ ብቻ ነዎት? አናናሱን ሌላ ሰው ቢያወጣው ፈተናው ይበላሻል? ሦስተኛው፦ ተፈታኙ ቢታመም፣ ወይም ቤቱ አንድ ነገር ቢደርስበት፣ ነጥብ ይጨምሩለታል? የጠየቅሁት ለማወቅ ያህል ነው።

ታናሽ ወንድሙ


ኅዳር 2

ለታናሹ፣

ጉልበቴ አሁንም ይጮኻል። አፍንጫን ግን ንገረው፤ እኔ ሳልደርስ የጉልበቴን ወሬ አያድርስ።

ፈታኟ እኔ ብቻ ነኝ። አናናሱን ማንም ያውጣው፤ ያወጣውን እጅ አልፈትንም፣ የምፈትነው ሰዓቱን ነው። ሰዓቱ ደግሞ አልፏል። ምን ነካው? አፍንጫ ዕቃ አስቀምጦ የሚረሳ ልጅ አይደለም።

ነጥብ ስለ መጨመር። አንድ ጊዜ አንድ ተለማማጅ አባቱ በሞተበት ወር ጠርሙሱን ይዞ መጣ። ፊቱን አየሁ፣ ቀመስኩ፣ አሳለፍኩት። በኋላ በበርሜል ቤቱ ውስጥ የእሱን ያህል ክፉ በርሜል አልተገኘም። ምላሴ አለቀሰችለት እንጂ አልቀመሰችለትም። ከዚያ ወዲህ ከሐዘን ቤት የመጣ ጠርሙስ አልከፍትም። የመጣበት እጅ እስኪጸና መደርደሪያ ላይ ይቆያል፤ አንዱ እንደቆመ ስድስት ዓመቱ ነው። ባለቤቱ ተናዶብኛል። ይናደድ።

ለምን ጠየቅኸኝ? ቤታችሁ ችግር አለ?

ዛሬውኑ አውጡት። ነጭ የጥጥ ጨርቅ ያለ ሳሙና ቀቅለህ አድርቅ። ፍሬውን በእንጨት ማንኪያ አንድ በአንድ አውጣ። ሩሙን በጨርቁ አጥልለው፤ ራሱ ይንጠባጠብ። ፍሬውን አትጭመቀው። ሊሰጥ የፈለገውን ሰጥቷል፤ ከዚያ በላይ ስትጨምቀው የሚሰጥህ ምሬት ነው።

አንተ እንዳትቀምስ። አፍህ ዕድሜው አልደረሰም። አፍንጫህ ግን መታወቂያ አይጠየቅም፤ ስለዚህ አሽትተህ ጻፍልኝ። አፉ ጠበብ ያለ ትንሽ ብርጭቆ ፈልግ። ትንሽ አንቆርቁር። ብርጭቆውን አገጭህ ሥር ያዘው፤ አፍንጫህን ውስጡ እንዳትነክር፣ አልኮሉ ይመታሃል። አፍህን ትንሽ ከፈት አድርግና ሽታው ራሱ ይምጣ። መጀመሪያ የሚመጣውን አትመን፤ እሱ በር ከፋች ነው። ከኋላው የሚመጣውን ጻፍልኝ።

እትዬ


ኅዳር 12

ይድረስ ለእትዬ፣

ቤታችን ችግር አለ ወይ ብለው ጠይቀዋል። አዎ፤ የሕንፃችን አሳንሰር ቆሟል። አባቴ የሰው አሳንሰር ሲጠግን ይውልና ማታ የራሱን ፎቅ በእግሩ ይወጣል። ጎረቤቶቹ ደረጃ ላይ ሲያገኙት «ባለሙያው፣ እንዴት ነው ነገሩ?» ይሉታል። እሱም «የሕንፃው ባለቤት ሌላ ኩባንያ ነው የቀጠረው» ይላል። በየቀኑ ይጠይቁታል፤ በየቀኑ ይመልሳል።

አናናሱን አውጥቻለሁ። ዛሬውኑ ብለው ነበር፤ ደብዳቤዎ በደረሰ ቀን ግን አልሆነም። ረቡዕ ከትምህርት ቤት መልስ የመጀመሪያውን ቁራጭ አወጣሁና መልሼ አስገባሁት። ቅዳሜ ሁሉንም አወጣሁ። ቁራጮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የትንሿን ጣቴን ውፍረት ያህላሉ። አንዱ ብቻ ወፍራም ነው። ወንድሜ እሱን ሲቆርጥ እኔ እያወራሁበት ነበር። ስለ እግር ኳስ ነው ያወራሁት፤ ማን እንዳሸነፈ ረስቼዋለሁ።

አልጨመቅሁም።

ብርጭቆ አላጣሁም፤ እናቴ የሳል ሽሮፕ የምትለካበት አለ፣ አፉ ጠባብ ነው። አገጬ ሥር ያዝኩት። መጀመሪያ የመጣው አናናስ ነው፤ እንዳሉት አላመንኩትም። ከኋላው የተቃጠለ ስኳር መጣ። ከዚያ የብርቱካን ልጣጭ፣ ግን ሩቅ ሆኖ፣ ሌላ ክፍል ውስጥ ሰው እየላጠ እንዳለ። ከዚያ የአባቴ የእንጨት መሣሪያ ሣጥን ሲከፈት የሚሸተው ሽታ። መጨረሻ ላይ አንድ ስሙን የማላውቀው ነገር አለ፤ ቅጠል ማኘክ ይመስላል። ብርጭቆውን አጥቤ ቦታው መለስኩት። ሽታው አልለቀቀም፤ የቤቱ ሰው የሚቀጥለውን ሽሮፕ ሲጠጣ ይደሰታል።

ፍሬውን ምን ላድርገው? በሳህን ላይ ነው ያለው፤ ሸፍኜዋለሁ።

ታናሽ ወንድሙ


ኅዳር 22

ለታናሹ፣

ሌላ ክፍል ውስጥ ሰው ብርቱካን ሲልጥ! ይህን ወንድምህ ቢሰማ ይቀናብሃል። እሱ በመጀመሪያው ዓመት ሁሉም ነገር «እትዬ፣ ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸተኛል» ነበር።

ስሙን ያላወቅኸው የቅጠል ሽታ ግን አላስደሰተኝም። እናያለን።

ፍሬው አይጣልም። ትልልቅ ሰዎች ይብሉት። በደረቅ መጥበሻ ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን ገልበጥ ገልበጥ አድርጉና ባዶ ኬክ ላይ አስቀምጡት። ግን ሁለት ቁራጭ ይበቃል፤ አንድ ሙሉ ሳህን የበላ ሰው ቁጭ ብሎ ይሰክርና ተነሥቶ ነው የሚያውቀው።

ሩሙን ጠቆር ባለ ጠርሙስ እስከ አንገቱ ሙላው፣ አየር አታስቀርበት፣ «አርፏል» ብለህ ጻፍበትና ጥር እስኪገባ እርሳው። ከተጠለለ በኋላ ሁሉም ለየብቻው ይጮኻል፤ ፍሬው በዚህ፣ እንጨቱ በዚያ። ዕረፍት የሚያስፈልገው መደማመጥ እስኪለምዱ ነው።

አባትህ ይጠጣል? ከጠጣ ይህን ንገረው። ያረጀ ሩም ለጥም አይጠጣም። ከምግብ በኋላ ነው፤ ተቀምጦ ነው። ቆሞ የሚጠጣ ወይ አውቶቡስ ሊያመልጠው ነው ወይ ሚስቱን ይፈራል። በረዶ አያስገባበት፤ በረዶ የፍሬውን አፍ ይዘጋል። ከፈለገ አንድ ጠብታ ውሃ፤ በማንኪያ ሳይሆን በጣት ጫፍ። የመጀመሪያው ፉት ከአፍ ጋር መተዋወቂያ ነው። ሁለተኛው ነው ወሬውን የሚያወራው።

አፍንጫ እስካሁን አንድ መስመር አለመጻፉ ገርሞኛል። ተቀይሞኝ ይሆን? በመጨረሻው ቀን ደረጃው መካከል ቆሞ ሲተነፍስ አገኘሁትና «ሰነፍ» ብዬ ጮኽኩበት። ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። ቀልድ ነበር በለው። እኔ ቀልዴና ቁጣዬ አንድ ፊት ነው ያላቸው፤ ያውቀዋል ብዬ ነበር።

እትዬ


ጥር 14

ይድረስ ለእትዬ፣

ብዙ ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የግማሽ ዓመት ፈተና ላይ ነበርን። ኬሚስትሪ ላይ ስለ ማጥለል ጥያቄ መጣ፤ «ፍሬው አይጨመቅም» ብዬ ጨምሬ ጻፍኩ። መምህሩ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አድርጎበታል።

አልተቀየመዎትም። ቤት የመጣ ቀን ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ነው የነገረን። «እትዬ ሰነፍ አለችኝ! እሷ ሰነፍ የምትለው የምትወደውን ሰው ብቻ ነው፤ አሁን ሙሉ ሰው ሆንኩ» አለ። እየሳቀ ነበር። ቀልድ መሆኑን ያውቅ ነበር።

አባቴ ድሮ ይጠጣ ነበር፤ አሁን አይጠጣም፣ ግን የጻፉትን አነበብኩለት። ስለ አውቶቡሱና ስለ ሚስት ፍርሃት ያሉትን ሲሰማ በአፍንጫው ሳቀ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ጠርሙሱን ለእርስዎ መላክ እንዳለብኝ ስነግረው ምንም ሳይጠይቅ ተነሣ። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ጓደኛ አለው። በትንሽ ጠርሙስ ቀድተን በእኔ የድሮ ካልሲ ጠቅልለን ሰጠነው። ሾፌሩ አሸተተና «የዚህ ካልሲ ባለቤት ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለ።

ትልቁ ጠርሙስ እዚሁ ቤት ነው። የላክነው ለፈተናው የሚበቃውን ያህል ነው።

ከመቅመስዎ በፊት ሌላ ምንም እንዳይጠይቁኝ እለምንዎታለሁ።

ታናሽ ወንድሙ


ጥር 27

ለታናሹ፣

አልጠየቅሁህም። ካልሲውን አውጥቼ፣ ጠርሙሱን አንድ ቀን በክፍሉ ሙቀት አቆይቼ፣ ጧት ከቁርስ በፊት ቀመስኩት። አፌ ንጹሕ ሲሆን ነው የምፈርደው።

አቆራረጡ የአፍንጫ ነው። ፍሬው እኩል ሰጥቷል፤ አንዱ ጮክ ብሎ ሌላው አላንሾካሾከም። የልጣጩ ሥራ ንጹሕ ነው። አናናሱ እንጨቱን አልሸፈነውም፤ እንጨቱም አናናሱን አልረገጠውም። ይህን ሦስት ዓመት ሙሉ ስነግረው ነበር። ሰምቶኛል ማለት ነው።

ከዋጥኩት በኋላ ግን፣ ጉሮሮዬ መጨረሻ ላይ፣ ምሬት መጣ። ያ ቅጠልህ ነው። ፍሬው ከሚገባው በላይ ቆይቷል፤ በቀን ሳይሆን በሳምንታት። ይህ የአፍንጫ እጅ አይደለም። እሱ ይቸኩላል እንጂ አይዘገይም። ይህ ማሰሮ ላይ ሁለት እጅ ነው ያለው። አንዱ የጀመረው፣ ሌላው ማውጣት ያቃተው።

ደብዳቤዎችህን መልሼ አነበብኳቸው። «ይል ነበር»፣ «ያውቅ ነበር» ትላለህ። ዛሬ አይልም? ዛሬ አያውቅም?

ውጤቱን ወስኛለሁ፤ አልነግርህም። ከእሱ እጅ አንድ መስመር ይምጣልኝ። ለምን እንደዘገየ ይጻፍ። ጽሕፈቱ ባይነበብም ግድ የለም።

እትዬ


የካቲት 5

ይድረስ ለእትዬ፣

ከእሱ እጅ መስመር አይመጣም።

በመጀመሪያው ደብዳቤ «ወንድሜ አርፏል» ብዬ ጻፍኩ። ያ ማለት ሞቷል ማለት ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ደብዳቤዎ ሲደርስ ወንበሮቹ ገና ወደ ጎረቤት አልተመለሱም ነበር። እኛ ቤት ያኛውን ቃል ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረውም፤ ስለዚህ እኔም አልጻፍኩትም። በበርሜል ቤት ቃሉ ሌላ መሆኑን አላውቅም ነበር። «እንኳን አረፈ፣ አትቀስቅሰው» የሚለውን ሳነብ መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ወዲያውኑ ልጽፍልዎ ነበር። ግን በእርስዎ ደብዳቤ ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ ስለ እሱ ቀስ ብሎ በሚያወራበት ጊዜ እርስዎ ይሰድቡት ነበር። አልከፋኝም። ቀጥሎ ከሐዘን ቤት የመጣ ጠርሙስ እንደማይከፍቱ ጻፉልኝ። ብነግርዎ ፈተናው መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ስለዚህ እስኪቀምሱ ጠበቅሁ።

ልቡ ነበር። ሐኪሙ ነግሮታል፤ ለዚህ ነው ከዚያ የለቀቀው። ደረጃው ላይ ቆሞ ሲተነፍስ ያዩትም ከልቡ የተነሣ ነው። ሰነፍ ስላሉት ግን በእውነት ስቋል፤ ያንን አልፈጠርኩትም።

አናናሱን በጊዜው ማውጣት የነበረበት እሱ ነው። እሱ ሐኪም ቤት ነበር። ከዚያ በኋላ እኔ ነበርኩ። ያን ፍሬ የቆረጠው እሱ ነው፤ ሳወጣው ያስቀመጠው ነገር ሁሉ የሚያልቅ መሰለኝ። ምሬቱ የእኔ ነው። ከእሱ ነጥብ ላይ እንዳይቀንሱ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሩሙ የሚያርፍበትን ጠርሙስ አስቀድሞ አዘጋጅቶ ነበር። የአባቴን ጥቁር የጨርቅ ፕላስተር ለጥፎበት በጠመኔ «አርፏል» ብሎ ጽፎበታል። ባዶውን ከአልጋው ሥር ነው የተወው። አንድ ቅዳሜ መጥረጊያ አክስቴ ስትጠርግ አወጣችው።

«ማን ነው እንዲህ የሚቀልድ?» አለች።

«እሱ ነው የጻፈው።»

«መቼ?»

«ሳያርፍ።»

አልጋዬ ላይ ቁጭ አለች። መጥረጊያ በእጇ ይዛ ቁጭ ስትል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ማሰሮውን መጣል አላነሳችም። ሩሙን ያሳረፍኩትም በዚያው ጠርሙስ ነው።

ወድቆም ከሆነ ይጻፉልኝ። ምላስዎ አላዳላም፤ አሁን ሊለውጡት አይገባም።

ታናሽ ወንድሙ


የካቲት 16

ለታናሹ፣

ደብዳቤህ ሲደርስ በርሜል ቤት ነበርኩ። ዙሪያዬን ባየሁበት ሁሉ በጠመኔ የተጻፈው ያ ቃል ነው። ሠላሳ ዓመት ጽፌዋለሁ፤ አንብቤው አላውቅም ነበር።

«እንኳን አረፈ» ያልኩበትን ወረቀት ቅደደው። ካልቀደድከው ግን ለማንም እንዳታሳይ። ደረጃው ላይ ስላልኩት የነገርከኝን አምኛለሁ፤ ማመን ስለምፈልግ አይደለም፣ «ሙሉ ሰው ሆንኩ» የሚለው አነጋገር የእሱ ስለሆነ ነው። ለአንተ አይመጣልህም።

ውጤቱን አልለወጥኩም። ያን ጧት፣ ምንም ሳላውቅ፣ በባዶ ሆዴ የወሰንኩት ነው። የሁለተኛውን እጅ ምሬት ያኔውኑ ለይቼዋለሁ፤ ከመጀመሪያው ላይ አልቆጠርኩበትም። የወንድምህ ሥራ አልፏል። ብረቱ ትናንት ጋለ። በሦስተኛው ረድፍ፣ ከመስኮቱ በኩል፣ «አፍንጫ» የሚል በርሜል አለ። ልጆቹ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ፤ እኔ «ሥራ የላችሁም?» ብዬ አባረርኳቸው።

ምሬቱን ምን ላድርገው እንዳትለኝ። አንድ ቅንጣት ጨው ይሸፍነዋል፤ አትጨምርበት። በጠርሙስ ውስጥ ሲቆይ ይለዝባል፣ አይጠፋም። ይቀመጥ።

የቀረውን እናትና አባትህ ይጠጡት። ከእራት በኋላ፣ ቁጭ ብለው፣ ያለ በረዶ። ጥቁር ቸኮሌት ካለ አንድ አንድ ቁራሽ፤ ከሁለተኛው ፉት በኋላ እንጂ በፊት አይደለም። ስለ ሩሙ ያውሩ። ሌላ ወሬ ከመጣ ይምጣ።

ጠርሙሱ ላይ ያለችውን ፊደል መለወጥ የእኔ ሥራ ነበር። ጠርሙሱ ግን እናንተ ጋ ነው። አንተ አድርገው። በአውራ ጣት ነው፤ በጨርቅ አይደለም።

እትዬ


የካቲት 28

ይድረስ ለእትዬ፣

ጠመኔውን ከትምህርት ቤት ነው ያመጣሁት። እንደሰረቅሁ አይቁጠሩብኝ፤ ስብርባሪ ነው።

እሑድ እራት ከበላን በኋላ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። እናቴ ሳህን ልታነሣ ስትቆም «ቁጭ በይ፤ ቆማ የምትጠጣ ባሏን ትፈራለች» አልኳት።

«ማነው ያለው?»

«የወንድሜ ፈታኝ።»

አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። «አለፈ?» አለ።

 ያለውን እሱም ሰማው፣ እናቴም ሰማችው። ማቀዝቀዣው ሲያጉረመርም ይሰማ ነበር።

«አልፏል» አልኩ። «ከስምንት ዓመቱ ሩም ነው። በርሜል ላይ ስሙ ተተኩሷል።»

ብርጭቆ ያመጣችው እናቴ ናት፤ የሽሮፑንም ጨምራ። እሱን ለእኔ ሰጠችኝ፤ እኔ አሸተትኩ ብቻ። አባቴ ብርጭቆውን አገጩ ሥር እንዲይዝ አሳየሁት፤ «አንተ ልጅ፣ ከመቼ ወዲህ ነው?» አለኝ። እናቴ ብዙ ጊዜ ሳትጠጣ ይዛው ቆየች። የአናናሱ ሽታ እንዳይከብዳት ብዬ መስኮት ልከፍት ስል «ተወው» አለች። ሁለተኛውን ፉት ካለች በኋላ፦

«ጥሩ ነው። መጨረሻ ላይ ግን ይመራል።»

«እሱ የእኔ ነው» አልኩ።

 ብርጭቆዋን ወደ አባቴ ገፋ አደረገች፤ ጨመረላት። ቸኮሌቱን እንደ ነገሩኝ ያኔ ነው ያወጣሁት። ስለ ሩሙ አወሩ። አባቴ እንጨቱ ከየት እንደሆነ ጠየቀኝ፤ አላውቅም። ቢጽፉልኝ እነግረዋለሁ። ሌላ ወሬም መጣ። ወፍራም የተቆረጠውን አናናስ ነገርኳቸው።

«ር»ን በአውራ ጣቴ አጠፋሁ። ፕላስተሩ ሻካራ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ማሸት አስፈለገኝ። በቦታዋ «ል» ጻፍኩ። የቀረው የእሱ ጽሕፈት ነው፤ እርስዎ እንዳሉት ነፋስ የገፋው ይመስላል። አሁን በቃሉ ውስጥ ሁለት «ል» አለ፤ የፊተኛዋ የእኔ፣ የመጨረሻዋ የእሱ። አይመሳሰሉም።

ታናሹ